የሐይቁ መንገድ ረዳት

አባቴ የዓለምን ሹፌር ሁሉ ያውቃል ብዬ አምን ነበር። ማስረጃዬ ጣቶቹ ናቸው። ከፊት መኪና በመጣ ቁጥር ከመሪው ላይ ሁለት ጣቱን ብድግ ያደርጋል፤ የሚመጣውም ሹፌር እንደዚያው ያደርጋል። የሹፌሮች ሰላምታ ነው። ቃል የለውም፣ ፈገግታም አይጨመርበትም፣ ግን ይህን ሰላምታ የነፈገ ሹፌር መናኸሪያ ሲደርስ ይታማበታል። በዚያ ሰሞን አባዬ ማንንም ሰላም ሳይል አያልፍም ነበር። ለአውቶቡሱ፣ ለአሸዋ ጫኙ፣ ለማያውቀው የቤት መኪና፣ ለትራክተር ሳይቀር ጣቶቹ ይነሳሉ።

«አባዬ፣ ስንት ጓደኛ አለህ?» እለዋለሁ።

«መንገድ ላይ ያለው ሁሉ» ይለኛል።

ሌላም አዲስ አመል አውጥቶ ነበር። ሲያናግረኝ ፊቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ በዓይኑ ጥግ ያየኛል፣ ጥሬ እንዳየች ዶሮ። ሊያስቀኝ መስሎኝ እኔም እንደሱ ዘንበል እላለሁ። እንዲህ ሁለት ዶሮ ሆነን እንተያያለን። እማዬ ይህን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ቀልድ አይገባትም ብዬ አዝንላት ነበር።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ስም ወጥቶልኝ የነበረ ቢሆንም በቤታችን በስሜ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም፤ «ምንድነው» ነበር የሚሉኝ፣ ከአፌ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ። ምንድነው ነይ፣ ምንድነው ብዪ፣ ምንድነው ተኚ። ሌሊት ሳይቀር በእንቅልፍ ልቤ እጠይቃለሁ ይሉኛል።

አባዬ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። መስመሩም ከከተማችን ወጥቶ፣ ጫካውን ሰንጥቆ፣ ኮረብቶቹን ወጥቶ ወርዶ፣ በሐይቆቹ ዳር ዳር የሚሄደው ነው። በዚያ መንገድ ሃያ ዓመት ነድቷል። እማዬ ደግሞ በመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ ናት። ከመስተዋት ጀርባ ትቀመጣለች፤ መስተዋቱ ከግርጌው እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው፤ ከቀዳዳው ሥር ያለው ጣውላ በሰው ክንድ ብዛት ተልጎ እንደ ማንኪያ ሆድ ጎድጉዷል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእግሯ ሥር ባለች በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ የሰውን ድምፅ አዳምጣለሁ። ሰዉ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «ሹፌሩ እሱ ነው?» እማዬም «አዎ፣ እሱ ነው» ትላለች። «እንግዲያውስ ስጪኝ» ይላሉ። እሱ የሚሉት አባዬን ነው። ካልሆነ የሚቀጥለውን አውቶቡስ የሚጠብቁም ነበሩ። በዚያች በርጩማ ላይ ስቀመጥ የሚሰማኝን ኩራት ዛሬም የሚስተካከል አላገኘሁለትም።

አባዬ ዓይኑን አቧራ ገብቶበት ነው ተብሎ ለጥቂት ጊዜ ከሥራ አርፎ ነበር። ሰኞ ሊመለስ እሁድ ጠዋት እማዬ ያልተለመደ ነገር አመጣች። ሐይቆቹን እንይ አለች። ሽርሽር ማለት ነው። የእሷ ወንድም፣ መካኒኩ አጎቴ፣ መኪናውን ሊያውሰን ተስማምቷል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ያን የሚያህል ዘመን ስለ ሐይቅ እየሰማሁ ያደግኩ ልጅ፣ ከመታጠቢያ ገንዳ የበለጠ ውሃ አይቼ አላውቅም።

ጫማዬን ለማሰር ወደ ወጥ ቤት ስሄድ ሁለቱ ሲያወሩ ሰማሁ። እማዬ ለመንገድ የቀቀለችውን ድንች ትልጣለች። አባዬ በሩ ላይ ቆሟል።

«ሄጄ ከተመለስኩስ?» አላት።

«ደርሰህ ከተመለስክማ አፌን እዘጋለሁ። ዳግመኛ አላነሳውም።»

«እሺ።»

«ወራጅ አለ ካልኩስ?»

አባዬ ሳቀ። «በሃያ ዓመት ውስጥ ወራጅ አለ ተብዬ ሳልቆም ያለፍኩበት ቀን አለ? ሁለቴ ያስባልኩትስ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ።»

እኔ የገባኝ እማዬ መንገድ ላይ ሽንት ቢመጣት እንዲያቆምላት እየተስማሙ መሆኑ ነው። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ለምን በዝቅተኛ ድምፅ እንደሚነጋገሩት ግን ግራ ገባኝ።

የንግግሩን ፍች ያገኘሁት ካደግኩ በኋላ፣ ከእማዬ አፍ ነው። የአባዬ ዓይን ከመሃሉ እየጠፋ ነበር። ዳር ዳሩን ያያል፣ መሃሉ ግን ጭጋግ ነው፤ ለዚያ ነው ዘንበል እያለ የሚያየን። ሐኪሙ መድኃኒት የለውም ብሎታል። ይህን ከእማዬ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሱ መንገዱን እንደ ገዛ ቤቱ ስለማውቀው ገና ብዙ ዓመት እነዳለሁ አላት፤ እሷ አይሆንም አለችው። ስንት ምሽት ተከራክረው በመጨረሻ ውል ገቡ። ባዶ መኪና ይዞ፣ በዚያው መስመር፣ በቀን ብርሃን እስከ ትልቁ ሐይቅ ይዟት ይሂድና ይመልሳት። አንዲት ስህተት ካላየች ሰኞ ወደ ሥራው ይመለሳል። ካየች ግን «ወራጅ አለ» ትላለች፤ እሱም ይወርዳል፣ ለሁልጊዜው።

«እኔን ለምን ይዛችሁኝ ሄዳችሁ ታዲያ?» ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። ቁጣ አልነበረብኝም፣ ለማወቅ ያህል ነው።

«የሰው ልጅ ሳሳፍርበት ከርሜ የራሴን ልጅ ከቤት ላስቀር?» አለችኝ።

ያን ጠዋት ግን ይህን ሁሉ ማን ያውቃል። የአጎቴ መኪና ከተሳቢ ጎማ እስከ ቤንዚን ጀሪካን ሁሉ ነገር ይሸታል። እማዬ ከኋላ ልትቀመጥ ስትል አባዬ እኔን ወደ ጋቢና ጠራኝ።

«ምንድነው፣ ዛሬ ረዳቴ አንቺ ነሽ።»

ዘልዬ ጋቢናው ላይ ወጣሁ። ረዳት ማለት አውቶቡሱ ላይ በር ከፍቶ የሚዘጋ፣ ዕቃ የሚጭን፣ ከሹፌሩ ቀጥሎ ትልቁ ሰው ነው።

«የረዳት ሥራው ምንድነው?» አልኩ።

«ያየውን መናገር ነው። በቀኝ ያለውን በቀኝ፣ በግራ ያለውን በግራ፣ ከፊት የሚመጣውን ከፊት። ሳትሳቀቂ ጮክ ብለሽ።»

«አንተ አታየውም?»

«አየዋለሁ። ግን ሹፌር ሁለት ዓይን ብቻ ነው ያለው። አራት ሲሆን አይሻልም?»

ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ታየኝ። ዞር ብዬ እማዬን አየኋት። የድንቹን ዕቃ ጭኗ ላይ አድርጋ የአባዬን ማጅራት ትመለከታለች። ነገሩ የገባት ያኔውኑ ነበር። ለምን ዝም እንዳለች በኋላ ስጠይቃት፣ «እንዲያሸንፍ እኔም እፈልግ ነበራ» አለችኝ።

ወጣን። በከተማው ውስጥ ሥራዬን እንደ ጉድ ሠራሁት። «በቀኝ ጋሪ! በግራ ሴትዮ ከጃንጥላ ጋር! ከፊት ቢጫ መኪና! ሰማይ ላይ ወፎች!»

«ወፎቹን ለራሳቸው ሹፌር ተዪለት» አለ አባዬ።

ቢጫዋ መኪና ስታልፈን ጣቶቹን አነሳ። ያቺ መኪና ውስጥ የነበረችው ወጣት ሴት ግራ ተጋብታ ወደ ኋላዋ ዞራ ስታይ አየኋት። አባዬ ሴት ሹፌሮችንም ያውቃል ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ከከተማው ወጥተን ጫካው ሲውጠን አየሩ ቀዘቀዘ። ዛፎቹ ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ተጠጋግተው ቅርንጫፎቻቸውን ከላያችን አጋጥመዋል። ብርሃኑ በቅጠሉ መሃል እየሾለከ አስፋልቱ ላይ ይረጫል፤ የረጠበ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አፍንጫዬን አወጣሁ። የማየው ነገር ሁሉ ጥያቄ ነበር። ያ በግንዱ ላይ የተለጠፈው አረንጓዴ ጠጉር ምንድነው? ዛፍ ሲወድቅ ድምፁን ማን ይሰማል? ይሄ ሁሉ ዛፍ የማነው?

«ረዳት» ይለኛል አባዬ ዝም ስል።

«ባዶ ነው! መንገዱ ባዶ ነው!»

«ጎበዝ።»

እሱ ደግሞ መንገዱን ሳያየው ይነግረናል። «አሁን ወደ ግራ ትታጠፋለች፣ ከዚያ ድልድይ አለ፣ ከድልድዩ በኋላ አስፋልቱ ተልጧልና ትንገጫገጫላችሁ» ይላል። ወደ ግራ እንታጠፋለን፣ ድልድዩ ይመጣል፣ እንንገጫገጫለን። አባቴ ነቢይ ሆኖ ታየኝ። እማዬ ከኋላ ድንች ሰጠችን፤ አባዬ በአንድ እጁ እየነዳ በላ። ደስ ብሎት ነበር፤ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። እማዬም ቀስ በቀስ ወደ ወንበሯ ተደገፈች። ትከሻዋ ሲላላ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ብዙ ነገር ሳይገባኝ አይቻለሁ።

ጫካው አልቆ ኮረብቶቹ ጀመሩ። መንገዱ ይጠመዘዛል፤ በየጥምዝምዙ አባዬ ክላክስ ይነፋል። አንድ ቦታ ላይ፣ ገና ከመታጠፋችን፣ ጥጃ የሚያህል ውሻ መንገዱ መሃል ተኝቶ አየሁ።

«ከፊት ውሻ!»

ፍሬኑን ያዘው። መኪናው ጮኾ ቆመ። ውሻው ቀና ብሎ አየን፣ አዛጋ፣ ተነስቶ ሄደ። እማዬ ከኋላ የወንበሬን ጀርባ ያዘች።

«አይቼው ነበር» አለ አባዬ።

እማዬ የድንቹን ዕቃ ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«አይቼዋለሁ እኮ ነው የምልሽ።»

«ማን ምን አለህ?» አለች።

 አባዬ ሰው ሳይጠይቀው ሁለቴ የመለሰው ጥያቄ ምን እንደሆነ እያሰብኩ ጥቂት መንገድ ሄድን። ከዚያ ግን ትልቁን ኮረብታ ወጥተን ጫፉ ላይ ደረስንና ሐሳቤ ሁሉ ከራሴ ጠፋ።

ሐይቁ ከሥራችን ተዘርግቷል።

እንዲህ ይሆናል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ውሃ ይሆናል ብዬ ጠብቄያለሁ እንጂ ሌላ ሰማይ መሬት ላይ ይቆየኛል አላልኩም። መጨረሻው አይታይም። አንዱ ጎኑ ሰማያዊ፣ አንዱ ጎኑ እንደ አዲስ ቆርቆሮ የሚያንጸባርቅ፣ ኮረብቶቹ በውስጡ ተዘቅዝቀው የቆሙበት ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጥያቄ እንኳን አልመጣልኝም፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ረዳት» አለ አባዬ።

እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌያለሁ።

«ምንድነው፣ ንገሪኝ እንጂ።»

ድምፁ በጆሮዬ ገብቶ ነበር፤ ምላሴ ግን የእኔ አልነበረችም። ቁልቁለቱን ወርደን በሐይቁ ዳር መሄድ ጀመርን። ውሃው በእኔ በኩል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዓለም ቢቃጠልም አላይም።

አንዲት መታጠፊያ አለች፣ መንገዱ ከውሃው ጋር ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው። ስንታጠፍ በተቃራኒው ጠርዝ ላይ፣ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ አንድ ትልቅ አሮጌ የጭነት መኪና ነበር። አባዬ ሁለት ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ አደረገ፤ አልፎም አንገቱን ነቀነቀ። መኪናውን አለፍነው።

«ማን ነበር?» አለች እማዬ ከኋላ። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

«ጺሙ ነዋ። አላየሽውም? የጭነት መኪና ያዘ እንዴ ዛሬ? ሳቀልኝ እኮ።»

ጺሙ የምንለው የአባዬ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ደረቱ የሚደርስ ጺም ያለው፣ እንደ ምድጃ የሚያጉረመርም ሰው። ስለምወደው ከሐይቁ ላይ ዓይኔን ነቅዬ ወደ ኋላ አየሁ። ያየሁትን እስከ ዛሬ እንደ ፎቶ ይዤዋለሁ። መኪናው ጎማ አልነበረውም። በድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ የነበረበት ቦታ ሣር በቅሎበታል፤ በሹፌሩ መስኮት በኩል አንድ ቁጥቋጦ ራሱን አውጥቶ በነፋስ ይወዛወዛል። ከስንት ዘመን ጀምሮ እዚያ የተጣለ ነው።

ሳቄ መጣ። ተንከተከትኩ። አባዬ ለቁጥቋጦ ሰላምታ ሰጠ! ይህን የመሰለ ቀልድ ቀልዶ ራሱ ደግሞ አይስቅም። «አባዬ፣ ጺሙ ዛሬ ጺሙ አረንጓዴ ሆኗል!» አልኩት።

አባዬ አልሳቀም። እጁ መሪው ላይ ጠበቅ ሲል አየሁት።

«ምን አልሽ?»

«ማንም የለበትም እኮ! ጎማም የለው!»

ያኔ እማዬ፣ ከአውቶቡስ የመጨረሻ ወንበር ላይ እንደሚጣራ ተሳፋሪ ሳይሆን በጆሮው ሥር እንደሚያወራ ሰው፣ ቀስ ብላ፣

«ወራጅ አለ» አለች።

እኔ የባሰ ሳቅኩ። እማዬም በመጨረሻ ጨዋታው ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

አባዬ ፍሬቻ አሳየ። ስፖኪዮውን ዘንበል ብሎ አየ። ከመንገዱ ዳር የሰፋ ቦታ ነበር፣ ሻይ ቤት ያለበት፤ እዚያ እንደ ወትሮው ሳያንገጫግጭ፣ ውሃ በብርጭቆ የያዘ ሰው ቢኖር ጠብ ሳይልበት፣ አቆመ። ማርሹን ባዶ አደረገ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ሞተሩን አጠፋ። ከዚያም ቁልፉን አውጥቶ ወደ ኋላ ሳይዞር በትከሻው ላይ አሻግሮ ለእማዬ ሰጣት።

ሁለቴ አላስባላትም።

ሁለቱ ከሻይ ቤቱ በታች ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ወደ ውሃው ዳር ሄድኩ፣ ግን ነፋሱ ወደ እኔ ስለነበር ይሰማኛል። ጆሮዬንም ማቆሜ አልቀረም።

«ባዶ ነበር?» አለ አባዬ።

«ባዶ ነበር።»

«ጥላ አየሁ። የሰው ራስ መሰለኝ።» ቆየና፣ «መንገዱን ግን አልሳትኩም። አንዲት ጉድጓድ ስቻለሁ? ንገሪኝ።»

«መንገዱንማ ታውቀዋለህ። መንገዱ ላይ ሮጦ የሚገባውን ልጅ ነው የማታውቀው።»

«እንጀራዬ ነው እኮ፣ አንቺ። ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«አውቃለሁ።» እማዬ ማልቀስ ጀምራለች፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ነገ ጠዋት እዚያች መስኮት ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሹፌሩ እሱ ነው ወይ ይሉኛል። አዎ ስላቸው ፊታቸው ሲፈታ ዓይናቸውን አያለሁ። አንተን አምነው አይደለም የሚሳፈሩት፣ የእኔን አዎ አምነው ነው። ከእንግዲህ አልችልም።»

አባዬ ጎንበስ አለ። ጠጠር አንስቶ ወደ ውሃው ወረወረ። እኔ የገባኝ ጺሙ ከእማዬ ጋር ተጣልቶ እንደሆነና አባዬ ለእሱ ሰላምታ በመስጠቱ እንዳዘነች ነው። እንዴት ላስታርቃቸው እያልኩ እያሰብኩ፣ አባዬ ጠራኝ።

«ምንድነው፣ ነይ እስቲ። ሐይቁ ምን ይመስላል?»

«አንተ ሁልጊዜ ታየው የለ?»

«አይቼው አላውቅም።»

«በሃያ ዓመት?»

«ሹፌር ሐይቅ ያየ ቀን ሐይቅ ውስጥ ይገባል» አለ። «ተሳፋሪው ሁሉ ‹እዩት እዩት› እያለ ይንጫጫል። እኔ አስፋልቱን ነው የማየው። ሰው በእጁ ያለውን መች ያያል።»

ይህ ቀልድ አልነበረም። ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል አደረገው፣ ያንን የዶሮውን አስተያየት። በዚህ በኩል አየ፣ በዚያ በኩል አየ። እኔም ከጎኑ ቆሜ እንደሱ ዘንበል አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እማዬ ፊቷን አላዞረችም። እሷም መጥታ ከጎናችን ቆመች።

«ዳር ዳሩ ይታየኛል» አለ። «ሸንበቆው፣ ያ ኮረብታ። መሃሉ ላይ ምን አለ?»

«ምንም። ውሃ ብቻ።»

«ምንም ከሆነ ምንም አልቀረብኝማ።»

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። «ጀልባ አለ። ትንሽ ናት። አንድ ሰው ቆሞባታል። መረብ ነው መሰለኝ የሚጥለው። አሁን ጎንበስ አለ። አሁን ቀና አለ። ወፎች ይከተሉታል፣ ነጫጭ ናቸው። ወፎቹን ልተዋቸው?»

«አትተዪያቸው» አለ አባዬ። «ወፎቹንም ንገሪኝ።»

እያንዳንዳቸውን ነገርኩት። የነገርኩትን ሁሉ በጥሞና አዳመጠ፤ የትኛዋ ወፍ ቀድማ እንደተነሳች፣ ጀልባዋ ወዴት እንደዞረች ጠየቀኝ። በዚያ ቀን ከእኔ የበለጠ ጠያቂ ሆነ። ልጅነቴን ሳስብ ከሁሉ በፊት የምትመጣብኝ ያቺ ሰዓት ናት። አባዬ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር አጥቶ እንደተቀመጠ አላወቅኩም፤ ከእኔ ጋር ሐይቅ እያየ ደስ ያለው ነበር የመሰለኝ። ዛሬ ሳስበው ግን ሁለቱም እውነት ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከመታጠፊያው ወዲያ የሞተር ድምፅ ተሰማ። አባዬ አንገቱን ሳያዞር፣ «ይሄ የጺሙ ነው፤ ሁለተኛ ማርሹ ይጮኻል፣ አሠራው ብለው አልሰማ አለ» አለ።

እውነትም የጺሙ አውቶቡስ ወደ ከተማው ሲመለስ ነበር።

«ጺሙ ቅድም እዚያ አልነበረም እንዴ?» አልኩ።

ጺሙ አውቶቡሱን አቁሞ በመስኮቱ ጺሙን አወጣ። «ምነው፣ መኪናው እምቢ አላችሁ?»

«መኪናውስ ደህና ነው» አለ አባዬ።

ጺሙ አባዬን አየ፣ ቁልፉን የያዘችውን እማዬን አየ፣ አሁንም አባዬን አየ። ሲያጉረመርም የሚውለው ሰው ሞተሩን አጠፋ። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ ለእሱ ያኔ ነው የገባው። ቆይቶ፣ «ግቡ፣ ቦታ አለ» አለ፤ ጋቢና የተቀመጠውን ልጅ እግር ተሳፋሪም ለማስነሳት ዞረ።

«ተወው» አለ አባዬ። «ከኋላ ይሻለኛል። የኋላው ወንበር እንዴት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

እማዬ መንዳት ስለማታውቅ የአጎቴ መኪና በሻይ ቤቱ ባለቤት ጥበቃ እዚያው ቀረች። አጎቴ በማግሥቱ ሄዶ ሲያመጣት ለምን እንደተተወች ጠይቆ እማዬ ምን እንዳለችው አላውቅም። እኛ ተሳፈርን። አባዬ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ጭኑ ላይ፣ እማዬ ከጎኑ። አባቴን በአውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪ ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር ይጋጫል፤ እጆቹን የሚያደርግበት አጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው።

ኮረብቶቹን መውጣት ስንጀምር ከፊት አንድ አውቶቡስ መጣ። ጺሙ ከመሪው ላይ ጣቶቹን ሲያነሳ ከኋላ ይታየኛል። ወደ ታች ስመለከት የአባዬ ሁለት ጣቶችም ከጉልበቱ ላይ ትንሽ ብድግ ብለዋል። ተንጠልጥለው ቆዩ፣ ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። የሚቀጥለው መኪና ሲመጣም እንዲሁ። በሞተሩ ድምፅ ነበር የሚያውቃቸው። እኔ ይህ አላስቻለኝም፤ እንዲህ ዝቅ ተደርጎ የተሰጠ ሰላምታ ለማን ይታያል? በመስኮቱ እጄን አውጥቼ በእሱ ፈንታ ለሚያልፈው ሁሉ ጣቶቼን አነሳሁ።

«አባዬ፣ ሰላም ብለውሃል» አልኩት። አንዳንዶቹ እውነትም ብለዋል።

ጭንቅላቴን በአገጩ ነካ አደረገ። ጫካው ውስጥ ስንደርስ ተኛሁ።

ስነቃ ከተማችን ገብተናል። ጺሙ ቤታችንን ያውቃል፤ መታጠፊያችን ጋ ሳንደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ፍሬቻ አሳይቷል። አባዬ ግን ቀድሞ ብድግ አለ። ከላይ ያለውን ብረት ይዞ ቆመና፣ አውቶቡሱ ሙሉ ዞሮ እስኪያየው ድረስ በጠራ ድምፅ፣

«ወራጅ አለ» አለ።

የሚቆም መኪና ላይ ወራጅ አለ ማለት ምን ይሉታል ብዬ በልቤ ታዘብኩት። ጺሙ አቆመ። ከዚያ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ከመሪው ተነስቶ መጥቶ በሩን በገዛ እጁ ከፈተ። ረዳቱ ምን ሠራና ነው ሹፌር በር የሚከፍተው ብዬ ረዳቱን በዓይኔ ፈለግኩት፤ መተላለፊያው ላይ ቆሞ አንገቱን ደፍቷል። ጺሙና አባዬ አልተጨባበጡም፣ ቃልም አልተለዋወጡም። አባዬ ሲያልፈው ጺሙ ሁለት ጣቱን ብድግ አደረገ፤ ከደረቱ ፊት፣ ያን ያህል ቅርብ አድርጎ።

አባዬ በዓይኑ ጥግ አየው። የእሱም ተነሱ።

በኋላ መናኸሪያው ውስጥ ሌላ ሥራ ሰጡት። የሚመጣውን አውቶቡስ ሁሉ ገና ከበሩ በድምፁ ለይቶ በድምፅ ማጉያ የሚጠራ ሆነ፤ ያን ሥራ እስኪወድደው ግን ዓመታት ፈጅቶበታል፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ደግሞ ባናነሳ ይሻላል። በዚያች ምሽት ግን የማውቀው ነገር ቢኖር ሥራዬ አለማለቁን ብቻ ነው። ከአውቶቡሱ ወርደን እማዬ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ይዘነው ቆምን። አውቶቡሱ ሄደ። አባዬ ሁለተኛ ማርሽ እስኪገባ ድረስ አዳመጠው።

«እሺ ረዳት» አለኝ። «ከፊት ምን አለ?»

በቀኝም በግራም አየሁ፣ እንደ ደንቡ። መንገዱ ባዶ ነበር።

«ቤታችን» አልኩት።